«ትንሽ አንድደው፣ ይለቅሃል»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይወቀው። ማግኔቶ ቼክ ላይ ሞተሩ ሲንገጫገጭ ኢንስትራክተሩ ፈገግ ብሎ «ካንዴላው ቆሽሾ ነው፤ ትንሽ አንድደው፣ ይለቅሃል» ይላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ የድሮ ተማሪዬ ይችኑ ቃል በቃል እዚሁ ለጥፎ «የልምድ ምስጢር» ብሎ ሰየማት። ላይኩ ጎረፈ። ስሙን አልጠራም፤ ልጁን እወደዋለሁ፣ ነገሩን ግን አልወደውም። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፤ የቸኮለ ይለፈኝ።

ከአቪዬሽን ውጭ ላላችሁ ወዳጆቼ በአጭሩ ላስረዳ። የትንንሽ አውሮፕላኖች የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ ስምንት ማለት ነው። እሳቱን የሚልኩላቸው ሁለት ማግኔቶዎች ሲሆኑ ከባትሪው ጋር ጉዳይ የላቸውም፤ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ ይዞራል። ፓይለቱ ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን እንደ መጽሐፉ ወደ 1,700 ወይም 1,800 ዙር ያመጣና አንዱን ማግኔቶ ያጠፋል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ ሌላውን። ዙሩ ትንሽ መውረዱ የግድ ነው። ላይኮሚንግ በአብዛኞቹ ሞተሮቹ ላይ እስከ 175 ዙር መውረድን፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እስከ 50 ልዩነት ይፈቅዳል፤ የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል። አንደኛው ላይ ዙሩ ድንገት ወርዶ ሞተሩ መንተፋተፍ ከጀመረ አንድ ካንዴላ ሥራውን አቁሟል ብለን እንጠረጥራለን።

እንግዲህ ጸቤ ከዚህ ይጀምራል። «ቆሽሿል» ማለት ምን ማለት ነው? ሦስት ዓይነት ቆሻሻ አለ፣ ሦስቱም የተለያየ ጠባይ አላቸው። ጥቀርሻው የደረቀና ለስላሳ ጥቁር ነው፤ ከመጠን በላይ በበዛ ቤንዚን ይመጣል፣ በሙቀትም ይቃጠላል። ዘይቱ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ነው፤ የፒስተን ፋሻ ወይም የሲሊንደር ማለቅን ይናገራል፣ እሱን ማንደድ አያድነውም። ሦስተኛው እርሳስ ነው። ሰው የሚረሳውም እሱን ነው።

የምንጠቀመው መቶ ሎው ሌድ ቤንዚን ውስጥ ቴትራኤቲል ሌድ አለ፤ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይፈቀዳል። «ሎው» የተባለው ከእሱ በፊት ከነበረው 100/130 ጋር ተነጻጽሮ እንጂ ትንሽ ሆኖ አይደለም። ለድሮው 80/87 ቤንዚን ለተሠሩት ሞተሮች፣ ለምሳሌ ሴስና 150 ላይ ላለው ኮንቲኔንታል ኦ-200፣ አራት እጥፍ ድረስ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ኤቲሊን ዳይብሮማይድ የሚባል ነገር የተጨመረው እርሳሱን ይዞ በጭስ ማውጫው እንዲወጣ ነው። ይህ ግን የሚሆነው የካንዴላው አፍንጫ በደንብ ሲግል ነው፤ ወደ 430 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ። ካልጋለ እርሳሱ እዚያው ይቀመጣል። በተለይ ታችኛው ካንዴላ ውስጥ እንደ ጠጠር ድብልብል እያለ ያድግና አንድ ቀን ኤሌክትሮዶቹን ያገናኛቸዋል። ያን ጊዜ እሳት የለም።

ታዲያ የካንዴላው አፍንጫ የማይግለው መቼ ነው? መሬት ላይ! ትሮትሉ ተዘግቶ፣ ቀይዋ የሚክስቸር እጀታ እስከ መጨረሻው ተገፍታ፣ ታክሲ እየተደረገ፣ ተራ እየተጠበቀ፣ ከታወር ጋር እየተነጋገረ። በአየር ላይ አንድ ሰዓት ያልተጠራቀመው በሃያ ደቂቃ መሬት ላይ ይጠራቀማል። ላይኮሚንግ ራሱ ትሮትል ዘግታችሁ አትቀመጡ፣ መሬት ላይ ከ1,000 እስከ 1,200 ዙር ያዙ ብሎ የሚመክረው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ግን 700 ላይ እያንኳኩ መቆም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ ለሞተሩ ያዘንንለት ይመስለናል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው። በመደበኛ ቀን እንኳ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። (የጣናውን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እሱም ከፍ ያለ ነው።) ካርቡራተሩ ግን አዲስ አበባ መሆኑን አያውቅም። ለወፍራም አየር የተለካውን ቤንዚን ለቀጭን አየር እየሰጠ ይቀጥላል። ያ ቀይ እጀታ የተሠራው ይህን እንድናስተካክልበት ነው። የሴስና 172 መጽሐፍ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ስትነሱ፣ ቆማችሁ ሙሉ ትሮትል ሰጥታችሁ ዙሩ ከፍተኛ እስኪሆን ድረስ ሚክስቸሩን ሊን አድርጉ ይላል። ድሬዳዋ ብትወርዱ እንኳ ከ3,000 ጫማ በላይ ናችሁ። ስለዚህ ለመነሳት እንኳ ሙሉ ሪች የማይፈቀድበት አገር ውስጥ ሆኖ ታክሲን በሙሉ ሪች ማድረግ ከየት የመጣ ትምህርት ነው?

ከየት እንደመጣ እኔ ልንገራችሁ። ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ቼክሊስት። አንዱ ፍሎሪዳ ወይም ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ሰልጥኖ፣ እዚያ የተሰጠውን ላሚኔት የተደረገ ወረቀት በሻንጣው ይዞ ይመጣል። «ሚክስቸር፦ ሪች» ይላል ወረቀቱ። እጁም ያንን ለምዷል። ወረቀቱ በተጻፈበት ቦታ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ከቦታው አውጥቶ እንደ ዳዊት መድገሙ ላይ ነው።

«መሬት ላይ ሊን ማድረግ ሞተር ያቃጥላል» የሚሉኝ አሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ስንት ዲግሪ ላይ፣ በምን ያህል ኃይል ብላችሁ ጠይቋቸው እስኪ። ሊን መሆን ሞተር የሚጎዳው ኃይል ሲበዛ ነው፤ ሙሉ ትሮትል ላይ፣ ሲሊንደሩ በግፊትና በሙቀት ሲሞላ። 1,000 ዙር ላይ የሚቃጠለው ቤንዚን ሞተሩን የሚጎዳ ሙቀት ሊያመጣ አይችልም፤ እጀታዋን ከልክ በላይ ብትስቧት የሚሆነው ሞተሩ መጥፋቱ ነው። በቃ። እንደገና አስነሱት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ቁም ነገር አለው፤ እሱን አልንቅም። «ተማሪው ሊን አድርጎ ታክሲ ካደረገ በኋላ ሳይመልስ ቢነሳስ?» ይላሉ። ልክ ነው፣ በግማሽ ሊን ተነስቶ ሲሊንደሩን በዴቶኔሽን ሊያስደበድብ ይችላል። መልሱ ግን ጭራሽ አለመንካት አይደለም፤ አጥብቆ መሳብ ነው። 1,000 ላይ ሆናችሁ እጀታዋን ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ዙሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ትንሽ ከወረደ በኋላ እዚያ ተዉት። በዚያ ሁኔታ ትሮትሉን ቢገፋ ሞተሩ ያስነጥስና እምቢ ይላል፤ ተማሪው ረስቶ መነሳት ቢፈልግ እንኳ አይችልም። አደገኛው ይሉኝታ የያዘው እጅ ነው፤ አንድ ጣት ታህል ስቦ «ሊን አድርጌያለሁ» የሚለው። እሱ ካንዴላም አያድንም፣ ከመርሳትም አይጠብቅም።

አሁን ወደዚያች «አንድደው» ወደምትለዋ ቃል እንመለስ። ማንደድ የለም አላልኩም። ጥቀርሻ ከሆነ ወደ 2,000 ዙር ከፍ አድርጎ፣ አፍንጫን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ ሊን አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማቆየት ብዙ ጊዜ ያጸዳዋል። ሊን አድርጎ ነው ያልኩት! ግማሹ ሰው ሪች ላይ ትቶ ትሮትሉን ብቻ ይገፋና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጮኽበታል፤ ይህ ጥቀርሻን በጥቀርሻ ማጠብ ነው። ድብልብል ያለ የእርሳስ ጠጠር ግን በአንድ ደቂቃ አይቀልጥላችሁም። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ እንደገና ስትፈትሹ ካልለቀቀ ተመለሱ። ሦስተኛ ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

ሌላም አለ። እየተንገጫገጨ ከወረደና ለስላሳ ሆኖ ከልክ በላይ ከወረደ ልዩነት አለው። ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ 200 ቢወርድ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ሚክስቸሩ ሪች መሆኑን ነው። እዚህ ከፍታችን ላይ «ካንዴላ ቆሸሸ» ተብሎ ከተመለሱት አውሮፕላኖች ውስጥ ካንዴላቸው ንጹሕ የሆኑ ስንቶቹን አይቻለሁ። ቼኩን በትክክለኛ ሚክስቸር ደግሞ ቢያደርጉት ኖሮ ሄደው ነበር። በተቃራኒው፣ ተንገጫግጮ የወረደው ካንዴላ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የማግኔቶ ታይሚንግ ሊሆን ይችላል፣ ኬብል ሊሆን ይችላል፣ ሴራሚኩ የተሰነጠቀ ካንዴላም ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ሴራሚክ ግሎ ከጊዜው በፊት ቤንዚኑን ካቀጣጠለ ፒስተን የሚበሳው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። «ይለቅሃል» ያለው ሰው ያን ጊዜ አጠገባችሁ አይኖርም።

የሚያናድደኝ ደግሞ አለመጻፉ ነው። በአንድ የሠራሁበት ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ ቴክ ሎጉ ለሳምንታት ንጹሕ ነበር። «ኒል ዲፌክት»፣ «ኒል ዲፌክት»፣ «ኒል ዲፌክት»። ካንዴላዎቹን ስንፈታ የታችኞቹ አራቱም በእርሳስ ታፍነዋል። እንዲህ ያለ ካንዴላ በአንድ ጠዋት አይሠራም። በየቀኑ እየተነደደ፣ በየቀኑ እየለቀቀ፣ ማንም አንዲት መስመር ሳይጽፍ የመጣ ነው። ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ የትኛው ማግኔቶ፣ ስንት ዙር፣ ተንገጫገጨ አልተንገጫገጨ ብለን ሁለት ቀን ሳይሞላ እናገኘዋለን። በደካማው ማግኔቶ ትንሽ አዙራችሁ ብታጠፉት እኮ የቀዘቀዘው የጭስ ማውጫ ሲሊንደሩን ራሱ ይጠቁመናል፤ ስምንት ከመፍታት አንድ ወይም ሁለት። ሰው የማይጽፈው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በረራው ይሰረዛል፣ ኃላፊው ይቆጣል፣ ተማሪው ሰዓቱን ያጣል። ይገባኛል። ግን ሒሳቡ አልጠፋም፤ ለሌላ ሰው ተላልፏል።

ለማን? ሃንጋር ውስጥ ላለው ለዚያ ታናሽ ልጅ። በሹል ብረት የእርሳስ ጠጠሩን ከካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ እየፈነቀለ የሚያወጣው እሱ ነው። ጓንት ካለ አለ፣ ከሌለ በባዶ እጁ። አሸዋ ካስነፋ በኋላ የቀረውን ብናኝ በኮምፕሬሰር ሲነፋው ፊቱ ላይ ይመለስበታል። ከዚያ ምሳ ሰዓት ይሆናል፣ ይጠሩታል፣ ማዕዱ ዙሪያ ይቀመጣል፤ እንጀራ ደግሞ በእጅ ነው የሚበላው። እርሳስ በደም ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለናንተ አልነግራችሁም። እቤቱ ሕፃን ካለ ደግሞ ቱታው ላይ ይዞለት ይገባል። ፓይለቱ መሬት ላይ ቀይዋን እጀታ ለመሳብ የሰነፈበትን ነው እንግዲህ ያ ልጅ በጥፍሩ ሥር ይዞት የሚሄደው። ጋራዥ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ጓንትና ማስክ ግዙ፤ ሳሙናና ውሃ በሩ ላይ አስቀምጡ፤ ካንዴላ ያጸዳ ሰው ሳይታጠብ ማዕድ አይቅረብ። ውድ ነው አትበሉኝ።

መካኒኮችንም አልተውም፣ ወገኔ ስለሆናችሁ ብቻ። ሞተሩ ሲጠፋ ሚክስቸሩ ሲሳብ ዙሩ ከ50 በላይ ከጨመረ የአይድል ሚክስቸሩ ሪች ነው፤ ያንን ማስተካከል የናንተ ሥራ ነው፣ ፓይለቱን መስደብ አያስተካክለውም። በሽቦ ብሩሽ ሴራሚክ አትፈትጉ። መሬት የወደቀ ካንዴላ ወደ ቅርጫት እንጂ ወደ ሞተር አይሄድም። ክፍተቱን ለኩ፤ በወፍራም ኤሌክትሮዶቹ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.40 እስከ 0.53 ሚሊሜትር ነው። የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን፣ ላይኮሚንግ ላይ 35 ፉት ፓውንድ፣ በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ ሬንች። የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ አዘዋውሩ።

«እርሳስ የሌለው ቤንዚን እየመጣ ነው፣ ያኔ ይቀራል» የሚልም አይጠፋም። በአሜሪካ አንዱ ዓይነት በ2022 ፈቃድ አግኝቷል፤ ደስ ይላል። እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ስትነሱ ታንካችሁ ውስጥ ያለው ያው ሰማያዊው ነው። ጥቀርሻ ደግሞ እርሳስ ኖረም አልኖረም ይመጣል።

እንግዲህ ያን ፖስት የጻፍከው ልጄ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ። እንድታጠፋው አልጠይቅህም። ሥሩ ላይ ግን ሁለት ነገር ጨምርበት፦ ስታነድ ሚክስቸርህ የት እንደነበረና ከዚያ በኋላ ሎጉ ላይ ምን እንደጻፍክ። ሌሎቻችሁም የምትጠቀሙበት ቼክሊስት ታክሲ ላይ ሚክስቸሩን ምን አድርጉ እንደሚልና የበረራ ቦታችሁን ከፍታ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።