ቻክራ ወይስ ሆድ?

ዋይንድሃም ቬል ያሉ ጓደኞቼ ዮጋ ጀምረው ስለ ሰባቱ ቻክራዎች ያወራሉ። ቃሉ ሳንስክሪት ነው፤ «መንኮራኩር» ማለት ነው። ከአከርካሪ ሥር እስከ አናት የተደረደሩ የኃይል ማዕከሎች ናቸው ይባላል። የነርሲንግ ተማሪ ነኝና ልናገር፦ በአናቶሚ ትምህርታችን ቻክራ የሚባል አካል የለም። ጥያቄው ግን ይጠቅማል፤ «ዛሬ የከበደኝ የቱ ጋ ነው?»

እኛ ለዚህ ቃል አላጣንም። «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ»፣ «ልቤ ተሰበረ» እንላለን። ችግሩ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እዚያው መቅበራችን ነው። ልምምድ ላይ ሳለሁ የተንከባከብኳቸው አዛውንት ያረፉ ቀን እናቴ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ጉሮሮዬ ላይ የቀረው ሳግ ለሳምንታት አልለቀቀኝም። የቱ ጋ እንደያዘኝ ለይቼ ስነግራት ነው የቀለለኝ።

ስለዚህ ቻክራም በሉት ሆድ፣ ማታ ማታ ሰውነታችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ካልለቀቃችሁ ጂፒ ጋ ሂዱ፤ ሜዲኬር ያለው ሰው የአእምሮ ጤና ዕቅድ ከወጣለት በዓመት እስከ 10 የሥነ ልቦና ምክክር ይደጎምለታል። ሆድ ሁሉን አይፈጅም።