አሥር ከሆናችሁ በቂ ናችሁ

በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚ፣ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርኮች ከስፌት መኪና ፊት የምትውሉ እህቶች፣ ጨርቅ የምትቆርጡና ካርቶን የምታሽጉ ወንድሞች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ማኅበራችሁን አቋቁሙ። ካለም ግቡበት።

አንዲት ኦፕሬተር ብቻዋን ሱፐርቫይዘሩ ፊት ቆማ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን ስትጠይቅ የሚጠብቃት መልስ ይታወቃል፤ ካልተስማማሽ በሩ ክፍት ነው። ያንኑ ጥያቄ ማኅበሩ በደብዳቤ ሲያቀርበው ግን አሠሪው ለድርድር መቅረብ ግዴታው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ፈቃድን ከ16 የሥራ ቀን ያስጀምራል፤ ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ይህ ወለሉ ነው። ከወለሉ በላይ ያለው ሁሉ፣ የደመወዝ ጭማሪው፣ ሰርቪሱ፣ ምሳው፣ ሕክምናው፣ የሚገኘው በኅብረት ስምምነት ነው። ደመወዝማ ወለል እንኳ የለውም። አዋጁ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ያለዚያ ወለል ዓመታት አልፈውበታል። የተደራጀ ሠራተኛ ካልገፋው ማን ይገፋዋል?

ጉዳቱንም አልደብቃችሁም። ከማትበቃ ደመወዝ ላይ መዋጮ ይቆረጣል። ከፈረቃ በኋላ፣ እግር ሲዝል፣ ስብሰባ አለ። የሥራ ማቆም መብት ቢኖርም መንገዱ ረጅም ነው፤ የአባላት ድምፅ ይጠይቃል፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቢሮ ሲሰጠው የመረጡትን የሚረሳ ሊቀመንበር ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ከአሠሪው ጋር የፈረመው ደካማ ስምምነት ለዓመታት እጃችሁን ያስራል። ስለዚህ ሒሳቡ በየጊዜው ይነበብላችሁ፤ ስምምነቱ ሳይፈረም ረቂቁን እዩት። በምርት መስመሩ ላይ የሚበዙት ሴቶች ከሆኑ ኮሚቴውም ላይ ይብዙ። ከውጭ ቆሞ ማማት ሊቀመንበሩን አያስተካክለውም፤ የሚያወርደው የአባላት ድምፅ ነው።

«ማኅበር ካቋቋማችሁ ፋብሪካው ይዘጋል» የሚሏችሁ አሉ። በ2014 ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ስትወጣ ከሐዋሳ የወጡ ኩባንያዎች ነበሩ። ያስወጣቸው ማኅበር አልነበረም። እንዲያውም ፋብሪካ ሲዘጋ ነው ማኅበር የሚያስፈልገው፤ የስንብት ክፍያን ቆጥሮ የሚከራከር ሰው የሚፈለገው ያን ጊዜ ነውና።

ፍርሃታችሁ ከምንም የመጣ አይደለም፤ ኪራዩ፣ አገር ቤት የሚጠብቀው ቤተሰብ አለ። ግን ሕጉን እወቁት። የማኅበር አባል መሆን፣ ለተወካይነት መወዳደር፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆኑም። በዚህ ሰበብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። በ1955 የተመሠረተው የያኔው የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን በ1966 አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ፣ አባላቱ ከእናንተ የሚሻል ዋስትና አልነበራቸውም።

አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በአንድ ግቢ ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ ዕቁብ የምትጥሉ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መምረጥን ከማንም አትማሩም። በመጪው የዕረፍት ቀን ተሰብሰቡ። ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ መተዳደሪያ ደንብ አርቅቁ፣ ኮሚቴ ምረጡ፣ ለምዝገባ ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱ። ደንብ ማርቀቁ ቢከብዳችሁ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን (ኢሠማኮን) እና በዘርፋችሁ ያለውን ፌዴሬሽን ጠይቁ፤ ሥራቸው ነው። ከዚያም ለድርድሩ የምታቀርቡትን የመጀመሪያ ጥያቄ ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉት።