ከለሚ በታች ዓይናችሁን አትመኑ

ለዒድ ወደ ቤተሰብ የምንሄድበት ጊዜ ስለደረሰ፣ ስለ መንገድ ትንሽ ልበል።

ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ደጋው ለሚ ላይ ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል። ባለፈው ጉዞዬ ሾፌራችን ከከባዱ ቁልቁለት በኋላ ጋብ ያለ ቦታ ሲደርስ «አሁንማ ሜዳ ነው» ብሎ ማርሹን ዜሮ አደረገው። እኔም ሜዳ መስሎኝ ነበር። መኪናው ግን ፍጥነት እየጨመረ ሄደ። ረዳቱ ጮኸ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ፍሬኑ ያዘ።

ሾፌሩን ግዴለሽ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ዓይኑ ሜዳ እንዳየ አምናለሁ። ሸለቆ ውስጥ አድማሱ አይታይም፤ ስለዚህ አሁን ያለንበትን መንገድ የምንመዝነው ካለፍነው ጋር ነው። ከከባድ ቁልቁለት ቀጥሎ የሚመጣ ቀላል ቁልቁለት ሜዳ፣ አንዳንዴም ዳገት ይመስላል። ሰውነትም አያድነንም፤ መኪናው ያለ ማርሽና ያለ ፍሬን በራሱ ሲንከባለል የጆሯችን የሚዛን ክፍል ማዘንበላችንን እምብዛም አይነግረንም። ኢብኑል ሀይሠም የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ በኪታቡል መናዚር ስለ ዓይን ስህተቶች በሰፊው ሲጽፍ፣ ማየት የዓይን ብቻ ሳይሆን የማነጻጸርና የፍርድም ሥራ እንደሆነ አስረድቷል።

የሚገርመው፣ በእግር ስንሆን ስህተቱ ይገለበጣል። በ1995 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴኒስ ፕሮፊትና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከኮረብታ ሥር የቆሙ ሰዎች 5 ዲግሪ የሆነውን ተዳፋት ወደ 20 ዲግሪ ገምተውታል። በእጃቸው ሰሌዳ እንዲያዘነብሉ ሲጠየቁ ግን ለእውነቱ በጣም ቀርበዋል። በእግራችን የምንፈራውን ቁልቁለት መኪና ውስጥ እንንቀዋለን ማለት ነው።

ፍሬን ግን አይሸወድም። ማንኛውም መኪና፣ ባዶም ይሁን የተጫነ፣ 500 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ በፍሬን ብቻ ከተያዘ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ 35 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር የሚተካከል ሙቀት ፍሬኑ ላይ ያርፋል። «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ብዙ ጊዜ የጋለ ፍሬን ነው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ግን ሞተሩ ከሸክሙ ይካፈላል።

ስለዚህ «ፍጥነት ቀንስ» የሚል ምልክት ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። ቁልቁለቱ ስንት በመቶ እንደሆነና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረው በግልጽ ይጻፍ፤ ዓይን ሜዳ ነው ሲል ቁጥሩ ይመልሰዋል። እስከዚያው ያለነው እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን። ታላቅን መናገር እንደሚከብደን አውቃለሁ፤ እኔም ያን ዕለት ዝም ነበር ያልኩት። ዘንድሮ ኢንሻአላህ ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ለሚን እንዳለፍን «ጋሼ፣ እባክዎ በከባድ ማርሽ ያውርዱን» ልላቸው አስቤያለሁ።