ቀዳሚት ሰንበት ያለ ቃል እንዳትውል

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ያለ ገበሬ ቅዳሜ በሬውን አይጠምድም። ይህን ልማድ ከአባቶቹ ተቀብሎ እስከ ዛሬ ስለ ጠበቀው ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በሬው ከቀንበር ባረፈበት ቀን ባለ በሬው ከቤተ ክርስቲያን ምን ሰምቶ ይመለሳል ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልስ የሚያጣ ደብር ብዙ ነው። በብዙ የገጠር አጥቢያ ቅዳሴው የእሑድና የበዓል ብቻ ሆኗል፤ ቅዳሜ ግን ስብከት የለም፥ ንባብም የለም፥ ጉባኤም የለም። ስለዚህ ቀዳሚት ሰንበት ስሟ ተከብሮ ሥራዋ ጠፍቷል።

እንግዲህ የጉባኤው ሰዓት እንደ ገና ሊደራጅ ይገባል፤ ይኸውም ቅዳሜ የትምህርት ቀን ትሁን፥ እሑድም ስብከቱ ሕዝቡ ሳይበተን ይሰጥ ማለት ነው።

ይህ ሲነገር «ሥርዓት አይነካም» የሚሉ ይነሣሉ። ሥርዓት አይነካም ማለታቸው መልካም ነበረ፤ ነገር ግን የሚጠብቁት ሥርዓቱን ነው ወይስ ልማዱን? የሰንበት ሥርዓት በዚህች ቤተ ክርስቲያን በዝምታ የተወረሰ አይደለም፤ በክርክር ተመርምሮ በጉባኤ የጸና ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ሁለቱን ሰንበታት አክብሩ ብለው ስላስተማሩ ከአገራቸው ተሰደው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸውም ብዙ ዘመን ከተገፉ በኋላ፥ በዚያው አቆጣጠር በ1404 ዐፄ ዳዊት በቀዳሚት ሰንበት እንዳይከለከሉ አዘዙላቸው። በ1450ም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው፥ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ነገሩ ተቈረጠ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመለያየት ዳነች። እነዚያ አባቶች የቆየው እንደ ቆየ ይኑር ቢሉ ኖሮ፥ ዛሬ «ሥርዓት አይነካም» የሚባልላት ቀዳሚት ሰንበት ራሷ ባልኖረችም ነበር።

ደግሞም ነገሩ ለዚህ አገር ሩቅ ታሪክ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1620 ገደማ ቅዳሜ እንዳይከበር ባወጁ ጊዜ ካመፁባቸው መኳንንት አንዱ የበጌምድር ገዥ ዮናኤል ነበረ፤ ጋይንትም ስማዳም እስቴም የበጌምድር አገር ናቸው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት ተመለሰ። ስለ ቀዳሚት ሰንበት ሰው የሞተበት አገር፥ ሰንበቲቱ በእጁ ከገባች በኋላ በዝምታ ቢያሳልፋት የሞቱትን ማክበር ነውን?

ቀዳሚት ሰንበት በምን እንደምትከበር ለማወቅ የሚፈልግ የዐፄ ገላውዴዎስን የሃይማኖት መግለጫ ይመልከት። ንጉሡ በ1555 ለሮም ሰዎች ሲመልሱ፥ የኢትዮጵያ ሰዎች ቅዳሜን የሚያከብሩት ውኃ ባለመቅዳትና እሳት ባለማንደድ እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙት ቍርባን በማቅረብና የፍቅር ማዕድ በመሥራት እንደ ሆነ አስረድተዋል። እንግዲህ ከሥራ መከልከል ብቻውን የሰንበት ክብር አይደለም። ቅኔ ያወቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዕረፍቱ ሰም ነው፥ ቃሉና ቍርባኑ ወርቅ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የጣለ ቅኔ ቢቀኝ ጉባኤው ይስቅበታል፤ በሰንበት እንዲህ ሲያደርግ ግን የሚስቅበት ቀርቶ የሚጠይቀው እንኳ የለም።

ሰዓትን ከዓላማ ጋር ማስማማትም አዲስ ነገር አይደለም። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ይሆናል፤ በሰንበታት ግን በጾም ወራትም ቢሆን በጥዋት ይቀደሳል፤ በልደትና በትንሣኤ ደግሞ በሌሊት ነው። ጾሙ እንዲረዝም፥ ሰንበቱ እንዲከበር፥ የትንሣኤው ደስታ ከሌሊቱ እንዲገኝ ሲሉ አባቶች ሰዓቱን አስማሙ። በአሜሪካና በአውሮጳ ያሉ ኢትዮጵያውያን ምእመናንም የራሳቸው ሕንፃ ሳይኖራቸው፥ ከሌሎች በተከራዩት ቤት ባለቤቱ በማይገለገልበት ሰዓት እየቀደሱ ልጆቻቸውን በሃይማኖት አሳድገዋል። ሰዓቱ ስለ ተለወጠ ሃይማኖቱ ተለወጠ ያላቸው የለም።

«ቅዳሜ የሚቀድስ ካህን ከየት ይመጣል?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፥ ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይሻል፤ በአንዳንድ አጥቢያም አምስቱ በእሑድ እንኳ በጭንቅ ይገኛሉ። ነገር ግን ኪዳን ለማድረስ፥ ወንጌል ለማንበብና ለመተርጐም አምስት ሰው አያስፈልግም። ይህ አገር ሊቅ አጥቶ አያውቅም፤ ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ በዚሁ በጋይንት ናቸው። የጐደለው ሊቅ አይደለም፥ ሊቁን ከገበሬው ጋር የሚያገናኝ ሰዓት ነው። ከሩቅ አገር እየተሰበሰበ በዜማ የሚበስል ተማሪ፥ በአጥሩ ማዶ ያለ ገበሬ በአማርኛ አንዲት ምሳሌ ሳይሰማ ከኖረ ጕባኤው ለማን ነው?

በሌላ ወገን ደግሞ አንዳንድ የከተማ ሰዎች «እሑድ ይጠር፥ ቅዳሜም ይቅርና ሰው ወደ ሥራው ይሂድ» ይላሉ። ይህ ሰዓት ማሻሻል አይደለም፥ ሰንበትን ለገንዘብ ማስገበር ነው። ገበያ እንኳ ቀን ተወስኖለት ሕዝቡን ይጠራል፤ የታች ጋይንት ከተማ ዓርብ ገበያ መባሏ ለዚህ ምስክር ነው። ነጋዴ ቀን ወስኖ አገር የሚሰበስብ ሲሆን፥ ከሕግ የተወሰነ ቀን ያላት ቤተ ክርስቲያን ሰው መሰብሰብ ተሣናት ማለት ያሳፍራል።

ነገሩ የሚያስቸኵልበት ምክንያት አለ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 50.6 በመቶ ኦርቶዶክስ ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ግን 43.5 በመቶ ሆነ። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ሕዝቡ ከሞላ ጐደል ኦርቶዶክስ ነውና «እኛን አይነካም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የዚህ አገር ልጅ በአገሩ አይቀመጥም፤ ከፊሉ ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፥ ከፊሉም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚያም ስለ ሃይማኖቱ ሲጠየቅ «ቅዳሜ አናርስም» ከማለት በቀር መልስ ከሌለው፥ የሚያሳፍረው ልጁን ነው ወይስ ሳያስተምረው የሸኘውን?

ስለዚህ የደብር አለቆችና የሰበካ ጉባኤ አባሎች ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ፥ ቅዳሜ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ኪዳን ደርሶ ወንጌል ይነበብ፥ በአማርኛም ይተርጐም። ሁለተኛ፥ በእሑድ ስብከቱ ወንጌል ከተነበበ በኋላ በቦታው ይሰጥ፤ ሕዝቡ ወደ ሰንበቴው ሊነሣ እግሩን ሲያነሣ የሚሰጥ ስብከት ለንፋስ ነው። ሦስተኛ፥ የሰንበቴው ማዕድ በዲድስቅልያ እንደ ታዘዘው ለድኃ አደግና ለመበለት ይድረስ፤ የጠገበ የጠገበውን ቢጋብዝ የፍቅር ማዕድ አይባልም።

ይህን የሚያደርግ ደብር ሥርዓት አላፈረሰም፤ በደብረ ምጥማቅ የጸናውን ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ እንጂ። የማያደርግ ግን ቀኒቱን ይዞ ቃሏን ለምን እንደ ነፈገ በሰንበት ጌታ ፊት ይጠየቃል።