ስም ግብ አይጠብቅም

የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ቡድን መምረጫው ሰሞን ሲደርስ፣ በጊንጪ የዲኤስቲቪ ቤቶች የሚሰማኝ ክርክር ሁሉ ስለ አጥቂ ነው። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ 15 ተጫዋች ሲገዛ፣ አጥቂው የማንን የኋላ መስመር እንደሚገጥም የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀውም የክለቡን ስም አይቶ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ አይዋጥልኝም።

ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. በ2019/20 ዋንጫ ሲያነሳ በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 33 ግብ ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር አምኖ የአስቶን ቪላውን ኦሊ ዋትኪንስን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጠ ሰው ኦክቶበር 4 ቀን 2020 ምን ተሰምቶት ይሆን? ቪላ 7 ለ 2 አሸነፈ፤ ሦስቱ የዋትኪንስ ነበሩ። ቫን ዳይክ እኮ ሜዳ ውስጥ ነበር! ግብ ጠባቂው አሊሰን ግን ተጎድቶ አድሪያን ተተክቶ ነበር፤ ተከላካዮቹም ወደ መሐል ሜዳ ተጠግተው ስለሚቆሙ ከጀርባቸው ሰፊ ሜዳ ይተዋሉ።

እንግዲህ እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ተጋጣሚዎች ስመዝን፣ ካለፈው ዓመት ሰንጠረዥ አስቀድሜ የምጠይቀው ዘንድሮ ከኋላ ማን እንደሚቆም ነው።