ደማችን የያዘው መዝገብ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰሞን ክፍሌ ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆነ። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ቁርጠት። ከመምህራንም ሦስታችን ተራ በተራ ወደቅን። እኔ በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ፣ "ታይፎይድ ነው" ተባልኩ፣ የአሥር ቀን መድኃኒት ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ሆዴ ፀጥ አለ። እናቴ "አየህ፣ ፍቱን መድኃኒት ነው!" አለችኝ። እኔ ግን ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የታይፎይድ ትኩሳት እኮ መድኃኒት ተጀምሮም ለመውረድ ቀናት ይፈጃል። በሁለት ሦስት ቀን መጥቶ የሚሄድ፣ ክፍል ሙሉ ሰው የሚያጠቃ ነገር ይበልጥ የሚመስለው የሆድ ቫይረስን ነው። የእኔ ምን እንደነበር በእርግጠኝነት ማወቅ አልችልም፤ ማንም በትክክል አልመረመረውምና።

ታዲያ ያ የደም ምርመራ ምን አየ? ባክቴሪያውን አላየም። ያየው ፀረ እንግዳ አካላትን ነው፣ ማለትም ሰውነታችን ከጀርም ጋር ሲዋጋ የሚሠራቸውን ፕሮቲኖች። ጀርሙ ከሄደ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያሉ። በእኛ በአስተማሪዎች ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ፀረ እንግዳ አካል የስም መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ተማሪ ሁሉ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል ማለት አይደለም። አምና የለቀቀም ስሙ አለ።

ይህ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ከዓድዋ ድል ጋር እኩያ ነው ማለት ነው! ድሮ ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ ወይም ዘመዱ በሆነ ሌላ ባክቴሪያ የታመመ ሰው ሁሉ "ፖዘቲቭ" ሊባል ይችላል። በደንብ ለማወቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ደም ተወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ መጨመሩ መታየት አለበት። እስቲ ለሁለተኛ ደም የተጠራ ሰው ካለ ንገሩኝ?

መዝገቡ ግን ከንቱ አይደለም። በትክክለኛው ቦታ ከተጠቀሙበት ትልቅ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ፣ ኦሃዮ፣ ኖርዎክ በምትባል ከተማ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግማሽ የሚሆኑት ተማሪዎችና መምህራን በማስመለስና በተቅማጥ ወደቁ። ምክንያቱ ለዓመታት አልታወቀም። በ1972 አልበርት ካፒኪያን የተባለ ሳይንቲስት ከበሽታው ያገገመ ሰው የደም ሴረም ወስዶ ከታማሚ ሰገራ ከተጣራው ፈሳሽ ጋር ቀላቀለው። ፀረ እንግዳ አካላቱ ቫይረሶቹን እየያዙ አንድ ላይ አጣበቋቸው፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም ታዩ። ዛሬ ኖሮቫይረስ የምንለው ስሙን ያገኘው ከዚያች ከተማ ነው። ቫይረሱን ያጋለጠው የሰው ደም ትዝታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የአዋቂዎች ደም ሲመረመር አብዛኛው ሰው የኖሮቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ይዞ ተገኘ። "እኔ እንኳ ሆዴን ታምሜ አላውቅም" የምንል ሰዎች ደማችን ውሸታም ያደርገናል። ኖሮቫይረስ በዓመት ወደ 685 ሚሊዮን ሰው እንደሚያሳምም ይገመታል። ከዚህ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ሕፃናት ወደ 200 ሚሊዮን ናቸው። የቀረነው እኛ ነን። አዋቂ ሰው ግን ለሁለት ቀን ተቅማጥ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ስለዚህ የትም አይቆጠርም። ይህን ያልተቆጠረ ሕመም ለማየት የደም ጥናት ጥሩ መንገድ ነው።

ሌላም ትምህርት አለ። በ1970ዎቹ በፈቃደኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ብዙ ፀረ እንግዳ አካል የነበራቸው ሰዎች ታመሙ፣ ትንሽ የነበራቸው አንዳንዶች ደግሞ ምንም አልሆኑም። ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። በኋላ እንደታወቀው ቫይረሱ የሚጣበቀው አንጀት ላይ ባሉ፣ ከደም ዓይነት ጋር ዝምድና ባላቸው ስኳሮች ነው። እነዚህን ስኳሮች በውርስ የማይሠሩ ሰዎችን ብዙዎቹ የቫይረሱ ዝርያዎች አይዟቸውም። ስለዚህ የፀረ እንግዳ አካል ብዛት ብቻውን "ተጠብቄያለሁ" አያሰኝም። ስሙ መዝገብ ላይ አለ ማለት ፈተናውን ያልፋል ማለት ነው እንዴ?

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ያለፈን ኢንፌክሽን የሚለካ ምርመራ የሕዝብን ታሪክ ለማጥናት ይዋል። የዛሬን ሕመም ለመወሰን ግን እሱን ብቻ ይዘን አንቲባዮቲክ አንዋጥ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። በከንቱ በዋጥነው ቁጥር ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እየለመዱ ነው፣ እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ ባዶ እጃችንን እንቀራለን።

አደራ፣ ታይፎይድ የለም አላልኩም! አለ፣ ይገድላልም። ትኩሳት ከሰነበተባችሁ፣ ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ውኃ እያለቀበት ከሆነ ፈጥናችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የታዘዘላችሁንም መድኃኒት በእኔ ፖስት እንዳታቋርጡ። እኔም አሥሩን ቀን ጨርሻለሁ። ግን ጠይቁ፦ "ይሄ ምርመራ የሚያየው የዛሬውን ነው ወይስ የድሮውን?" ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

በመጨረሻ ለርዕሰ መምህራንና ለወላጅ ኮሚቴዎች፦ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ለኖሮቫይረስ እምብዛም አይሠራም። የሚሠራው ሳሙናና የሚፈስ ውኃ ነው። ያን ሰሞን የእኛ ትምህርት ቤት ቧንቧ ከደረቀ ሳምንት አልፎት ነበር። ሦስት መምህርና ግማሽ ክፍል ተማሪ ለመድኃኒት ያወጣው ብር ቢጠራቀም ስንት በርሜል ውኃ፣ ስንት ካርቶን ሳሙና ይገዛ ነበር? ተማሪዎቼ፣ ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

የናንተንም ገጠመኝ ከታች ጻፉልኝ። ጤና ይስጥልን።