ማሽኖቻችንም እንደ ሞፈርና ቀንበር ይግጠሙ

አርሶ አደር ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያሾለዋል። ድግሩ ሲሰበር ድግሩን ብቻ ይቀይራል እንጂ ሞፈሩን አይጥልም። ቀንበር ከጎረቤት ቢዋስ የራሱ ሞፈር ይገጥምለታል። አባቶቻችን ያወረሱን የእርሻ መሣሪያ ለዘመናት ያገለገለው አንዱ ክፍል ሲጎዳ ሌላው ሥራ ላይ ስለሚቆይ ነው።

ዛሬ በየወረዳው የምናየው የመውቂያ ማሽን ግን ይህን ጥበብ የረሳ ይመስላል። ባለፈው የመኸር ምርት መሰብሰቢያ ወቅት በአንድ ቀበሌ የተደራጁ ወጣቶች በብድር የገዙት መውቂያ ቆሞ አየሁ። የተሰበረው አንድ ኩሽኔታ ነው። ከተማ ወርደው ቢፈልጉ በልኩ አላገኙም፤ ማሽኑን የሠራው ወርክሾፕ ዘንጉን የቶረነው በእጁ በነበረው ብረት ልክ ነበርና። በዚያው ቀበሌ ሌላ መውቂያ ነበር፤ የእሱም መለዋወጫ ለዚህኛው አይሆንም። ክምሩ በአውድማው ዳር እየጠበቀ ሰማዩ ጠቆረ። ባለክምሮቹ ወደ በሬ ተመለሱ፤ የወጣቶቹ የብድር ወለድ ግን አልቆመም።

በእኔ እምነት ችግሩ ከማሽን እጥረት ይልቅ የአሠራር ነው። እያንዳንዱ ወርክሾፕ በየራሱ ልክ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ግዥም የተለየ ዓይነት ያመጣል። በ2011 ዓ.ም የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱ መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ተራ በተራ የሚቆሙ አሥር ዓይነት ማሽኖች ቢገቡ ለአርሶ አደሩ እፎይታ አይሆኑም።

መፍትሔው አንድ ወጥ አካል፣ ተለዋዋጭ ክፍል የሚለው መርህ ነው። የክልላችንን ሰብል እንመልከት። ጎጃም ጤፍና በቆሎ፣ ፎገራ ሩዝ፣ ቆቦ ማሽላ ያመርታሉ። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ጠባብ ወንፊትና ለስላሳ ነፋስ ይፈልጋል፤ ማራገቢያው ከበረታ ፍሬው ከገለባው ጋር ይበናል። በቆሎ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳና ፍሬውን ሳይሰብር የሚፈለፍል ከበሮ ይሻል። ይህ ማለት ግን ለየሰብሉ ሙሉ ማሽን ይሠራ ማለት አይደለም። የሰውነት ብረቱ፣ ጎማው፣ የሞተር መቀመጫው፣ ፑሊውና ኩሽኔታው አንድ ዓይነት ሆነው ከበሮውና ወንፊቱ ብቻ ሊቀየሩ ይችላሉ። ወርክሾፑ የጋራውን ክፍል በብዛት ሲሠራ ላሜራው አይባክንበትም፣ የሠራተኛው እጅ ይፈታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። አርሶ አደሩም ለሰብሉ የሚሆነውን መርጦ ይገዛል።

ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ትራክተር ማረሻን የሚሸከምበት ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ልክ አለው። ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ ማረሻ በሌላው ፋብሪካ ትራክተር ላይ፣ የማያያዣው ምድብ እስከተመሳሰለ ድረስ፣ ይገጥማል። በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርም አንዱ ሞተሩ ያርሳል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በቺንጋ ሲያያዝ ውኃ ይስባል። በአገራችንም በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ውኃ ለማንጣፈፍ የተሠራው ሰፊ መደብ ማውጫ የተገኘው ሁለት የባህል ማረሻዎችን በማጣመር ነው።

«ልክ ከተወሰነ የባለሙያው ፈጠራ ይሞታል» የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። የሚወሰነው የመገጣጠሚያው ልክ ነው፤ ከበሮውን አሻሽሎ የሚሠራ ባለሙያ ሥራው በሁሉም ማሽን ላይ ስለሚገጥም ገበያው ይሰፋለታል። በሌላ በኩል ሁሉንም ሰብል በአንድ ከበሮ እወቃለሁ የሚል ማሽን አንዱንም በወጉ አይወቃም። የመጀመሪያው ዋጋም ትንሽ ሊጨምር እንደሚችል መካድ አይገባም። ቢሆንም በምርት መሰብሰቢያ ወቅት የቆመ ማሽን ከሁሉም በላይ ውድ ነው።

ስለሆነም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የግዥ መስፈርት ሲያወጡ ዋጋን ብቻ አይመልከቱ። ኩሽኔታው፣ ቺንጋውና ቡሎኑ በአቅራቢያው ከተማ ገበያ የሚገኝ ልክ መሆኑን በጽሑፍ ያስገድዱ። አጎራባች ወረዳዎች ተነጋግረው አንድ ዓይነት ቢገዙ አንድ የመለዋወጫ መጋዘንና አንድ የሠለጠነ ጠጋኝ ለሁሉም ይበቃል። የምርምር ማዕከላትም ናሙና ማሽን ሠርቶ ከማስረከብ አልፈው የመገጣጠሚያ ልኩን የያዘ ንድፍ ለብረታ ብረት ማኅበራት ቢያድሉ የበለጠ ይጠቅማሉ።

አርሶ አደሩም ሆነ የተደራጁ ወጣቶች ገንዘባቸውን ከመቁጠራቸው በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሚያልቀው ክፍል የትኛው ነው? ከየት ይገኛል? ለሌላ ሰብል ሲፈለግ ምኑ ብቻ ይቀየራል? መልስ የሌለው ሻጭ ማሽኑን ይዞ ይመለስ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። የቀጣዩ ዓመት ግዥ መስፈርት የሚጻፈው አሁን ነው፤ ክምሩ አውድማ ከደረሰ በኋላ ኩሽኔታ ፍለጋ ከመሮጥ ዛሬ በወረቀት ላይ አንድ ልክ ማስፈር ይሻላል።